የጓሮ ችግኝ ቤት፦ ሲረሳ የማይገድል አሠራር

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ የጓሮ ችግኝ ቤት ርእስ ሆኖ ሲቀርብ ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ድልድይ፣ ግድብና ፎቅ የሚነድፍ ባለሙያ ስለ ቲማቲም ቡቃያ ምን ያገባዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣም አያስወቅስም። ይሁን እንጂ ነገሩ ቀረብ ተብሎ ሲመረመር፣ ስድስት ካሬ ሜትር ወለል ያላት የላስቲክ ቤት የሙቀት፣ የአየር፣ የጨረርና የውኃ ሕግጋት በአንድነት የሚፈተኑባት መሣሪያ ሆና ትገኛለች። ይህችም መሣሪያ በብዙ ጓሮ ውስጥ የምትሠራው ከሌላ አገር መጽሐፍ በተቀዳ ሥዕል ነው፤ ለአገሩ ፀሐይና ለአገሩ ሌሊት ተብሎ የተሰላ ቁጥር በውስጧ አይገኝም።

ውጤቱ የታወቀ ነው። የቤቱ ባለቤት ጧት ወደ ሥራው ሲሄድ ብርዱን ፈርቶ በሩን ይዘጋል፤ ቀትር ላይ በሣጥኑ ውስጥ የነበረው ቡቃያ ሁሉ ተቀቅሎ ይገኛል። ከዚህ የተማረ ሌላው ደግሞ ውኃ በማብዛት ሙቀቱን ለማብረድ ይሞክራል፤ ቡቃያውም ከአንገቱ እየቀጠነ በአንድ ሌሊት ይወድቃል። በዚህ ሁኔታ የሚጠፋው የጥቂት ግራም ዘር ዋጋ ብቻ አይደለም። ሁለት ወር የፈጀ ድካም ይባክናል፤ የመትከያው ወቅትም ያልፋል፤ ቤተሰቡ ወደ ገበያው ይመለሳል። በመዲናዪቱ ገበያ ከሚቀርበው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ በተበከለ ውኃ የሚለማ መሆኑና በውስጡም ከባድ ብረቶች መገኘታቸው በተለያዩ ጊዜያት በተደረጉ ጥናቶች የተገለጸ ስለሆነ፣ ጓሮ ማልማትን የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የዚህ ንግግር ዋና አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በደጋው አገር የጓሮ ችግኝ ቤት አየር የሚመላለስበት ዳስ ሆኖ መሠራት አለበት። የሌሊቱ ሙቀት ለቤቱ ሁሉ መሆኑ ቀርቶ ለመደርደሪያው ብቻ ሊጠበቅ ይገባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱ ሰው በረሳው ቀን ቡቃያውን የማይገድል መሆን ይኖርበታል።

1. የአገሩ ፀሐይና የአገሩ ሌሊት

አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜናዊ ኬክሮስ ገደማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከዚህ አቀማመጥ ለችግኝ ቤት ሦስት ውጤቶች ይመነጫሉ።

አንደኛው የፀሐይ ነገር ነው። በአውሮፓ የተጻፉ መጻሕፍት የችግኝ ቤት ጣሪያ ወደ ደቡብ አዘንብሎ፣ በብርዱ ወራት ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ የምትጓዘውን ፀሐይ እንዲቀበል ያዝዛሉ። በአዲስ አበባ ግን በታኅሣሥ ወር እንኳ የቀትር ፀሐይ ከደቡብ አድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በአናት ላይ ታልፋለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለሆነም እዚህ ጣሪያው የሚያዘነብለው ዝናብንና በረዶን ለማውረድ ነው። በውስጥ በኩል የሚቋጠረውም ጤዛ በቡቃያው ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ በላስቲኩ ተንሸራትቶ ወደ ዳር እንዲወርድ ይረዳል።

ሁለተኛው የአየሩ ነገር ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር ከቤቱ ሲወጣ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀትም በዚያው መጠን ያንሳል። ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት ሲሶ ያህል ተጨማሪ አየር ማለፍ አለበት ማለት ነው። ከቆላማ የባሕር ዳር አገሮች የተቀዳ የመስኮት ልክ በአዲስ አበባ የሚጠበው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሌሊቱ ነገር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ የጠራና ደረቅ በመሆኑ ምድሪቱ የቀን ሙቀቷን ወደ ሰማይ በጨረር ትለቃለች። በነዚህ ወራት የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ ከ7 እስከ 9 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ አንዳንድ ሌሊት ከ5 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ብዙ ሰው ላስቲኩ ይህን ሙቀት ይዞ የሚያስቀር ይመስለዋል። ተራው የፖሊኤቲሊን ላስቲክ ግን ብርሃንን እንደሚያሳልፍ ሁሉ ከአፈርና ከቅጠል የሚወጣውንም የሙቀት ጨረር አብዛኛውን ያሳልፋል። ከዚህም የተነሣ ነፋስ በሌለበት የጠራ ሌሊት በተዘጋ የላስቲክ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ከውጭው ብዙም አይለይም፤ አንዳንድ ጊዜም ከውጭው በጥቂቱ ያንሳል።

ታዲያ ቀን ቀን ቤቱ የሚሞቀው በምን ምክንያት ነው? አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በ1909 እ.ኤ.አ. ይህን ጥያቄ በቀላል ሙከራ መርምሮታል። ሁለት ትንንሽ ሣጥኖችን ወስዶ አንዱን የሙቀት ጨረርን በሚያግድ መስተዋት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ጨረሩን በሚያሳልፍ የማዕድን ጨው ሰሌዳ ሸፈነና ለፀሐይ አጋለጣቸው። የሁለቱም ሙቀት 55 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ከዚህም የተረዳው፣ የመስተዋት ቤት በቀን የሚሞቀው በዋነኛነት የሞቀው አየር ተነሥቶ እንዳይወጣ በመታገዱ መሆኑን ነው። ከዚህ ለጓሮው ሁለት ትምህርት ይገኛል። የቀኑን ሙቀት የሚገዛው ክዳኑ ሳይሆን መስኮቱ ነው፤ የተዘጋ መስኮትም ለሌሊቱ የሚያቆየው ሙቀት እምብዛም የለም።

2. ቀን፦ አየር ይቅደም

ለምሳሌ ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ዝቅተኛው ጎኑ 1.5 ሜትር፣ ከፍተኛው ጎኑ 2.5 ሜትር የሆነ ቤት ይታሰብ። በውስጡ 12 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ ግድግዳውና ጣሪያው ሲደመሩ 26 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናሉ። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል የፀሐይ ኀይል ይወርዳል። ላስቲኩ ከመቶ 80 እጁን ቢያሳልፍ ወደ 4,800 ዋት ይገባል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ተመልሶ ቢወጣና ውኃ በማትነን ቢያልቅ እንኳ፣ 2,400 ዋት አየሩን ለማሞቅ ይቀራል።

አንድ ካሬ ሜትር ነጠላ ላስቲክ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 6 ዋት ያህል ያስወጣል፤ ጠቅላላው ቤት 156 ዋት ማለት ነው። ቤቱ ቢዘጋ በውስጡ ያለው ሙቀት ከውጭው 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ውጭው 23 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ 38 ይደርሳል ማለት ነው። ቡቃያው ገና ትንሽ በመሆኑና የሚተነውም ውኃ ጥቂት ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ይበልጣል። ሥሩ ከአፈሩ ገጽ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያልወረደ ቡቃያ ይህን ችሎ ሊውል አይችልም።

ልዩነቱ ከ8 ዲግሪ እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ በክዳኑ በኩል ከሚወጣው 1,250 ዋት በላይ ያለው 1,150 ዋት በአየር ተሸካሚነት መውጣት አለበት። በአዲስ አበባ አየር ሲሰላ ይህ በየሰከንዱ 0.16 ሜትር ኩብ አየር ይጠይቃል። የቤቱ አየር በየ75 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ተለውጦ ማለቅ አለበት ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ማራገቢያ መግዛት አያስፈልግም። የሞቀ አየር ስለሚቀልል፣ በዝቅተኛው ጎን ከታች ግማሽ ካሬ ሜትር፣ በከፍተኛው ጎን ከጣሪያው ሥር ሌላ ግማሽ ካሬ ሜትር ክፍት ቢተው፣ ነፋስ ባይኖርም ሥራው ይከናወናል። ነጭ ዝንብንና ክሽክሽን የሚያግድ ጥቅጥቅ ያለ መረብ በመስኮቱ ላይ ሲወጠር ግን የአየሩ መተላለፊያ በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ ሁለቱም መስኮቶች አንድ አንድ ካሬ ሜትር ቢሆኑ ይመረጣል።

ከዚህ ላይ ዋናው የንድፍ ውሳኔ ይመጣል። መስኮቶቹ መዝጊያ ሊኖራቸው ይገባልን? በመሐንዲስነት ሙያ አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ወይም ሲዘነጋ ወደ ደኅናው ወገን እንዲያደላ ይነደፋል። የባቡር ፍሬን አየሩ ሲያመልጥ ይይዛል እንጂ አይለቅቅም። የችግኝ ቤትም በዚሁ ሕግ መገዛት አለበት። ጧት በ3 ሰዓት መስኮት የሚከፍት ሰው በብዙ ቤት የለም፤ አዋቂው በሥራ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ነው። በመሆኑም መስኮቶቹ በመረብ ብቻ ተሸፍነው ዘወትር ክፍት ይሁኑ። በሌሊት ክፍት በመሆናቸው የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ የተዘጋውም ቤት ቢሆን ሌሊቱን ሙቀት አያቆይምና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው።

3. ሌሊት፦ ለመደርደሪያው ብቻ

ቤቱ ክፍት ከሆነ የሌሊቱ ብርድ በምን ይመከታል? የተለመደው ምክር በቤቱ ውስጥ ውኃ የተሞላ በርሜል ማስቀመጥ ነው። ውኃ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳልና አሳቡ ትክክል ነው፤ መጠኑ ግን መሰላት አለበት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሥር ቢደረደር 200 ሊትር ውኃ ይሆናል። ይህ ውኃ ከ22 ዲግሪ ወደ 14 ዲግሪ ሲወርድ የሚሰጠው ሙቀት በ12 ሰዓት ሌሊት ሲካፈል 155 ዋት ያህል ነው። ቤቱ በሙሉ ተዘግቶ ቢያድር እንኳ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 156 ዋት ስለሚያስወጣ፣ ያ ሁሉ ውኃ የሚያተርፈው አንድ ዲግሪ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ያው ውኃ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከሆነ መደርደሪያ ሥር ይደርደርና፣ ከመደርደሪያው በላይ ግማሽ ሜትር ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የሸንበቆ ቅስት ላይ ወፍራም ልብስ ተዘርግቶ እስከ መሬት ይውረድ። የተሸፈነው ስፋት 10 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ልብሱ ወፍራም በመሆኑ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚወጣው ሙቀት ወደ 40 ዋት ይወርዳል። ያው 155 ዋት በዚህ ድንኳን ውስጥ 4 ዲግሪ ገደማ ያተርፋል። ውጭው 7 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ቡቃያው በ11 ዲግሪ ያድራል። ቲማቲምና ቃሪያ ከ10 ዲግሪ በታች በሚያድሩበት ጊዜ እድገታቸው ስለሚገታ፣ ይህ የአራት ዲግሪ ልዩነት የችግኙን ዕድል የሚወስን ነው።

የልብሱ ዓይነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብርሃን እንዲያሳልፍ በማሰብ በላስቲክ የሚሸፍኑ አሉ። ላስቲኩ ጧት ሳይነሣ ከተረሳ ግን ድንኳኑ በቤት ውስጥ ያለ ሌላ የተዘጋ ቤት ሆኖ፣ ቡቃያውን ከትልቁ ቤት በፈጠነ ጊዜ ያቃጥለዋል። በአንጻሩ የተሰፋ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ቢረሳ ፀሐይን ይከልላል። ቡቃያው የአንድ ቀን ብርሃን ያጣል፤ ሕይወቱ ግን ይተርፋል። በተጨማሪም ጆንያና ብርድ ልብስ ወደ ሰማይ የሚያመልጠውን የሙቀት ጨረር ያግዳሉ። ዋጋው የረከሰው ነገር በሙቀትም በደኅንነትም የተሻለ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ስላልሆነ፣ ይህ ሊታለፍ አይገባም።

ጀሪካኖቹ ጥቁር ቀለም ቢቀቡና የቀን ፀሐይ እንዲያገኛቸው በደቡብ በኩል ቢደረደሩ የበለጠ ሙቀት ይቀበላሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮችም መጠባበቂያ ሆነው ያገለግላሉ። ጧት ቡቃያውን ለማጠጣት የሚቀዳው ከነዚሁ ቢሆን ውኃው ለብ ያለ በመሆኑ ለሥሩ ይስማማል፤ የተቀዳው ግን በዚያው ቀን መተካት አለበት።

4. ዘር፣ አፈርና ውኃ

ዘር ለመብቀል የሚፈልገውና ቡቃያ ለማደግ የሚፈልገው አንድ አይደለም። የቲማቲም ዘር በ25 ዲግሪ አፈር ውስጥ በ6 ቀን ገደማ ሲበቅል፣ በ15 ዲግሪ ሁለት ሳምንት፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ ከአርባ ቀን በላይ ይፈጃል። ቃሪያ በ25 ዲግሪ 8 ቀን፣ በ15 ዲግሪ 25 ቀን ያህል ይጠይቃል። በብርድ አፈር ውስጥ የዘገየ ዘር ደግሞ ለመበስበስ የተጋለጠ ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን ለመብቀል ብርሃን ስለማያስፈልጋቸው፣ የተዘራው ሣጥን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ችግኝ ቤቱ ከመሄድ ይልቅ በማድ ቤት፣ ከምድጃው ሞቃት ጥግ ቢቀመጥ ይሻላል። አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ ባለበት ዕለት ግን ወደ ብርሃን መውጣት አለበት። ሁለት ቀን የዘገየ ቡቃያ ቀጥኖ ስለሚረዝም ኋላ አይጠናም። ሰላጣ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት መብቀል ያቆማልና ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ፣ እምብዛም አፈር ሳይለብስ ይዘራል።

ለአፈሩ ሦስት እጅ ጥሩ የጓሮ አፈር፣ ሁለት እጅ በሚገባ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ማደባለቅ የተለመደ ነው። አፈሩ መረሬ ከሆነ ውኃ ስለሚቋጥርና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አሸዋውንና ብስባሹን ማብዛት ያስፈልጋል። ቡቃያን ከአንገቱ አቅጥነው የሚጥሉት ሻጋታዎች በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ስለሆኑ፣ አፈሩን በእንፋሎት ማከም ጠቃሚ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ይህ አያሳስብም። እርጥብ አፈር ለግማሽ ሰዓት ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ቢቆይ አብዛኞቹ ጎጂ ሻጋታዎች ይሞታሉ። ማገዶ ለመቆጠብ የሚፈልግ ደግሞ በበጋ ወራት አፈሩን አርሶ በስሱ ከዘረጋ በኋላ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ሸፍኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ለፀሐይ ይተወዋል። ይህን ዘዴ እስራኤላዊው የዕፀዋት በሽታ ተመራማሪ ያዕቆብ ካታንና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. በጥናት አሳውቀውታል። ቡቃያን የሚፈጀው የተዘጋ ላስቲክ አፈርን ሲያነጻ ለመልካም ሥራ ይውላል።

የታከመ አፈርም ቢሆን ውኃ ከበዛበት በሽታው ይመለሳል። ስለዚህ ማጠጣት ጧት ብቻ ይሁን፤ ገጹ ማታ ደርቆ ይደር። ዘሩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ አይቀበር፤ ቡቃያውም ተጨናንቆ አይብቀል። አንድ ግራም የቲማቲም ዘር 300 ያህል ፍሬ ስለሚይዝ፣ ብዙ በመዝራት የሚገኝ ጥቅም የለም። በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል ሁለት ካሬ ሜትር መደርደሪያ 800 ችግኝ ይይዛል። ይህም ለአንድ ቤተሰብ ተርፎ ለጎረቤት የሚበቃ በመሆኑ፣ ቤቱን ማስፋት አያስፈልግም።

የዝርያ ምርጫም በአገሩ የተፈተነውን ቢያስቀድም መልካም ነው። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው መልካ ሾላ ቲማቲም፣ ማረቆ ፋና በርበሬ፣ እንዲሁም ኮፐንሃገን ማርኬት የተባለው ጥቅል ጎመን በገበሬውም በጓሮ አልሚውም ዘንድ የታወቁ ናቸው። የሐበሻ ጎመን ዘር ደግሞ ከራስ ጓሮ ይለቀማል።

5. በጋና ክረምት፣ ችግኙን ማውጣት

ከላይ የተነገረው በአብዛኛው የበጋውን ወራት የሚመለከት ነው። በክረምት የቤቱ ጠባይ ይለወጣል። ደመናው ስለሚበዛ የቀኑ ሙቀት አያሠጋም፤ ሌሊቱም ከበጋው ይሞቃል። ያን ጊዜ ጠላቱ እርጥበት፣ የብርሃን ማነስና በረዶ ነው። ዘወትር ክፍት የሆኑት መስኮቶች እዚህም ይጠቅማሉ፤ አየሩ ሲመላለስ ቅጠሉ ይደርቃልና። ጀሪካኖቹና ልብሱ ያርፋሉ፤ ላስቲኩ በወር አንድ ጊዜ ከአቧራና ከዋግ ታጥቦ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። አጣናው በእርጥብ አፈር ውስጥ እንዳይበሰብስ፣ ከመተከሉ በፊት የሚቀበረው ጫፍ በእሳት ይለብለባል። ላስቲኩም የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚቋቋም መሆን ይገባዋል። ተራው ላስቲክ በደጋው ፀሐይ ዓመት ሳይሞላው ይሰባበራል፤ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለውና ለዚሁ የተዘጋጀው ግን ለበርካታ ዓመታት ያገለግላል። በሆለታ፣ በሰበታና በባቱ አካባቢ ካሉ የአበባ እርሻዎች የወጣ አሮጌ ላስቲክ የሚያገኝ ሰው፣ የተባይ መድኃኒት ሊኖርበት ስለሚችል ደጋግሞ በሳሙና ማጠብ አለበት።

ቲማቲም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ቃሪያ እስከ አሥር ሳምንት፣ ጥቅል ጎመን ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት በዚህ ቤት ቆይቶ ለመተከል ይደርሳል። ችግኙ ግን በአንድ ቀን ከጥላ ወደ ሜዳ መውጣት የለበትም። ላስቲኩ ከነፋስ ከልሎታል፤ የቀኑንም ብርሃን አለዝቦለታል። ስለዚህ ከሰባት እስከ አሥር ቀን፣ መጀመሪያ በጧት አንድ ሰዓት፣ ቀስ በቀስም ቀኑን ሙሉ፣ በመጨረሻም ሌሊቱን ጭምር በውጭ እያደረ ውኃም በጥቂቱ እየተቀነሰበት ይጠናል። ይህን ሳምንት ለመቆጠብ የሚቸኩል ሰው «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የተባለው ይደርስበታል። የተከላውም ሰዓት ማታ ቢሆን፣ ችግኙ ፀሐይ ሳያገኘው አንድ ሌሊት ሥሩን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል።

6. መደምደሚያ

ይህን ቤት ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት የባሕር ዛፍ አጣና፣ ላስቲክ፣ መረብ፣ አሥር ጀሪካንና የተሰፋ ጆንያ ነው። ከዚህ ሌላ ሊገዛ የሚገባው አንድ መሣሪያ ቢኖር፣ የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚያቆይ ቴርሞሜትር ነው። እርሱም ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት በቡቃያው ቁመት ልክ ይሰቀላል። ሁለት ሳምንት የተመዘገበ ቁጥር፣ መስኮቱ ይስፋ ወይስ ይጥበብ፣ ጀሪካን ይጨመር ወይስ ይቀነስ የሚለውን ያለ ክርክር ይወስናል። በደብረ ብርሃን ወይም በአዳማ የሚሠራ ሰውም በዚሁ መንገድ የአገሩን ቁጥር አግኝቶ ንድፉን ያስተካክላል።

በቤቱ የሚቀሩት አረጋውያንና ልጆች፣ እንዲሁም የቤቱ እመቤት ከሌላው ሥራቸው በላይ የመስኮት ጠባቂ ሆነው እንዲውሉ የሚጠይቅ ንድፍ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን የተሟላ አይደለም። መሐንዲሱ ለሚነድፈው ግድብ የማይጠበቀውን ጎርፍ እንደሚያስብ ሁሉ፣ ለጓሮው ቤትም የሚረሳበትን ቀን አስቀድሞ ማሰብ ይጠበቅበታል። ያ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ በሚመጣበትም ጊዜ ክፍት የሆነው መስኮትና ያልተነሣው ጆንያ ችግኙን አቆይተው ባለቤቱን ይጠብቁታል።